አሮጌ ቤትን ማደስ ወይስ አፍርሶ መሥራት? ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሏቸው ደረጃዎች

«ይህን ቤት ላድሰው ወይስ አፍርሼ ልሥራው?» የሚለው ጥያቄ በሥራዬ ምክንያት ሳይቀርብልኝ የሚያልፍ ወር የለም። ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የወጥ ቤቱ፣ የመታጠቢያ ክፍሉ ወይም የፊት ለፊቱ ፎቶግራፍ ነው፤ ከእነዚህ ፎቶግራፎች ግን መልስ አይገኝም። መልሱ ያለው ቀለምና ሴራሚክ በሸፈኑት የቤቱ አጥንት፣ ማለትም በመሠረቱ፣ ጭነት በሚሸከሙት ግድግዳዎችና ምሰሶዎች፣ እንዲሁም በጣሪያው እንጨት ላይ ነው። ስለዚህ ለሁሉም የምሰጠውን መልስ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቁ አጥብቄ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ የቤቱ አጥንት፣ ቀጥሎ ሕግና ፈቃድ፣ ከዚያ የቤተሰቡ ፍላጎት፣ በመጨረሻ ዋጋ ይታያል። ብዙ ሰው ከዋጋ ይጀምራል፤ ነገር ግን ቤቱ ሳይመረመር የተሰጠ ዋጋ ግምት ብቻ ስለሆነ ሥራው ከተጀመረ በኋላ መለወጡ አይቀርም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሜትር፣ ቱንቢና መሰላል
- 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግልጽ ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ (ውሃ ሞልተው ልክ ለመውሰድ)
- ትንሽ መዶሻና ቀጭን ካቻቪቴ
- የእጅ ባትሪና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- ጥቂት ጄሶ፣ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ፕላስቲክና ጠንካራ ማጣበቂያ
- ዶማና አካፋ
- ጓንት፣ ጠንካራ ጫማና የአቧራ መከላከያ ጭንብል
- ደብተርና እርሳስ፣ እንዲሁም የቤቱ የይዞታ ሰነድና ካለ የቀድሞው ንድፍ

ጎማውን «ምን ያደርግልኛል?» ብለው እንዳይተዉት። የግንበኛ ውሃ ልክ የሚያሳየው የራሱን ርዝመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በጎማ ውስጥ ያለ ውሃ ግን በቤቱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ልዩነት በትክክል ያሳያል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

በአሮጌ ቤቶች የጣሪያ ክዳን፣ ኮርኒስና ቧንቧ ውስጥ አስቤስቶስ (ከሲሚንቶ ጋር ይደባለቅ የነበረ የማዕድን ቃጫ) ሊኖር ይችላል። ግራጫና ደረቅ የሲሚንቶ ክዳን የመሰለ ነገር ካዩ አይስበሩ፣ አይቁረጡ፣ አይፋቁ፤ ሲሰበር የሚበተነው በዓይን የማይታይ ቃጫ ሳንባን ይጎዳል፣ ጉዳቱም ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚገለጥ ነው። ተራ የጨርቅ ጭንብልም አይከላከለውም። አሮጌ ቀለምም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት። ኮርኒስ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ዋናውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ያጥፉ፤ ሲረግጡም በእንጨቱ ላይ እንጂ በኮርኒሱ ላይ አይርገጡ።

ደረጃ 1፦ ቤቱን በወረቀት ላይ ያውርዱ

እያንዳንዱን ክፍል ለክተው አንድ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር ሒሳብ ወረቀት ላይ ይሳሉ። ግድግዳዎቹን፣ በሮቹንና መስኮቶቹን ካስገቡ በኋላ የሚያገኟቸውን ስንጥቆች፣ የእርጥበት ምልክቶችና የወለል መሰመጦች በቦታቸው ላይ ምልክት ያድርጉ። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢመስልም፣ ብቻውን ሲታይ ምንም የማይናገር ስንጥቅ ከሌሎቹ ጋር በወረቀት ላይ ሲሰለፍ ቤቱ ወደ የትኛው ጥግ እየወረደ እንደሆነ ይጠቁማል። ቀጥሎ የሚመጣው መሐንዲስም በዚህ ወረቀት ምክንያት ግማሽ ቀን ይቆጥባል።

ደረጃ 2፦ መሬቱንና መሠረቱን ይመርምሩ

ዝናብ በዘነበ ማግስት ቤቱን ይዙሩት። ውሃ በግድግዳው ሥር ቆሞ ካዩ፣ አሸንዳው በአንድ ቦታ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ፣ ወይም መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ከሆነ ይመዝግቡት። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ የመሠረቱ አፈር በአንድ ወገን እየረጠበ በሌላው እየደረቀ ይኖርና ግድግዳውን እኩል መሸከም ያቅተዋል።

ቀጥሎ ጎማውን ውሃ ሞልተው፣ በመካከሉ የአየር አረፋ እንዳይኖር አድርገው፣ አንዱን ጫፍ በአንድ ጥግ ላይ ያቁሙና በሌሎቹ ጥጎች ላይ የውሃውን ልክ በእርሳስ ይምቱ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ምልክት እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት ይለኩ። ልዩነት መገኘቱ ብቻውን ቤቱ ሰምጧል ማለት አይደለም፤ ሲሠራ ጀምሮ ወለሉ ልክ ያልነበረ ሊሆን ይችላል። የሚለየው የበሮቹ ሁኔታ ነው። የበሩን የላይኛ ጠርዝ በመሰላል ወጥተው በቅርብ ይዩት፤ በአንዱ ጫፍ በላንጌ ተደጋግሞ ተልጎ የቀጠነ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ የመጀመሪያው ቀለም ያለበት ከሆነ፣ ክፈፉ ከተገጠመ በኋላ ቤቱ ተንቀሳቅሷል፣ የቤቱ ባለቤትም በሩ በተጣበቀ ቁጥር አናጺ ሲያስልግ ኖሯል ማለት ነው።

መሠረቱን ለማየት ጥርጣሬ ባለበት ቦታ አጠገብ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ያስቆፍሩ። የሚፈለገው የመሠረቱ ጥልቀት፣ የተሠራበት ነገርና የተቀመጠበት አፈር ነው። ጉድጓዱ ከመሠረቱ ግርጌ በታች እንዳይወርድ፤ በአንድ ግድግዳ ሥር በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጉድጓድ እንዳይከፈት፤ በዝናብም ወቅት ተከፍቶ እንዳያድር። እነዚህን ሦስቱን መጣስ ጤነኛ የነበረውን መሠረት ሊያናጋው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ስንጥቆቹን ያንብቡ

ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ስንጥቅ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ ስፋቱን ይለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቀጭን ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የልስኑ ነው። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ይጠገናል፤ ነገር ግን ክትትል ይፈልጋል። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን መሐንዲስ ሊያየው ይገባል፤ 25 ሚሊ ሜትር ያለፈው ደግሞ የክፍሉን ደኅንነት የሚያጠያይቅ ነው።

ከስፋቱ ይልቅ ግን ቅርጹ ብዙ ይናገራል። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ እንደ ደረጃ እየወረደ የሚሄድ ስንጥቅ የመሠረቱ አንድ ክፍል ከሌላው ይልቅ መውረዱን ያመለክታል። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ከሆነ የግድግዳው ጫፍ ወርዷል፤ ከታች ሰፍቶ ከላይ የሚጠብ ከሆነ ደግሞ መካከሉ ወርዷል። አፈር በተደገፈ ግድግዳ ላይ ያለ አግድም ስንጥቅ፣ በተለይ ግድግዳው ወደ ውስጥ ካበጠ፣ አፈሩ እየገፋው ነው።

ዋናው ጥያቄ ስንጥቁ አሁንም እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ልስኑን እስከ ግንቡ ፍቀው፣ በስንጥቁ ላይ አሻግረው 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስስ የጄሶ ልጥፍ ይለጥፉና ቀኑን በላዩ ይጻፉ። ጄሶ አይለጠጥም፤ ግንቡ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይወጣበታል። በውጭው ግድግዳ ላይ ግን ዝናብ ስለሚያበላሸው፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር ተክለው ርቀታቸውን በየወሩ ይለኩ። ክትትሉ ቢያንስ አንድ የዝናብና አንድ የደረቅ ወቅት ማካተት አለበት፤ አንዳንድ አፈር ሲረጥብ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚኮማተር በአንዱ ወቅት ብቻ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል።

አንድ ጊዜ ባለቤቱ ሊያፈርሰው ወስኖ አፍራሾችን የቀጠረለት ቤት ጋ ተጠርቼ ነበር። በጥጉ ላይ የእጅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር፤ የለጠፍነውም ጄሶ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ተሰነጠቀ። ጥጉን ስናስቆፍር አካፋው ሲገባ ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ግማሽ ሜትር ወረድ ብሎ የፍሳሽ ቧንቧው ክርን ተሰብሮ ሌት ተቀን ወደ መሠረቱ ያፈስ ነበር። ቧንቧው ተቀየረ፣ አፈሩ እስኪደርቅ ተጠበቀ፣ አዲስ ጄሶ ተለጠፈ፤ ሁለቱም ወቅቶች አልፈው ልጥፉ እንዳለ ተገኘ። ቤቱ ዛሬ ታድሶ ቆሟል።

ደረጃ 4፦ ተሸካሚውን አካል ይፈትሹ

*ኮንክሪት ከሆነ።* ምሰሶዎቹን፣ ቢሞቹንና የሶሌታውን (የኮንክሪት ጠፍጣፋ ወለሉን) ሆድ በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ። ጤነኛ ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከፌሮው (በውስጡ ካለው ብረት) የተላቀቀው ባዶ ዕቃ እንደመምታት ያስተጋባል። የዝገት ቀለም የወረደበት ወይም በፌሮው አቅጣጫ የተሰነጠቀ ኮንክሪት ካዩ ውስጡ ያለው ብረት እየዛገ ነው፤ ዝገት ከብረቱ ይልቅ እጥፍ ድርብ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። በአንድ ወይም በሁለት ቦታ የታየ ይጠገናል። በአብዛኞቹ ምሰሶዎች ላይ ከታየ ግን ጥገናው ድጋፍ እየተደረገ አንድ በአንድ የሚሠራ ስለሚሆን ወጪው በፍጥነት ያድጋል። ጭነት ያለበትን ምሰሶ ያለ ፑንቴሎ (ጊዜያዊ ምሰሶ) ድጋፍ ፈጽሞ አያስፈልፍሉ።

*እንጨት ከሆነ።* መሬት ወይም ግድግዳ የሚነኩትን ጫፎች በካቻቪቴ ይውጉ። ያለ ብዙ ኃይል ሰርጎ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ምስጥ የላዩን ሽፋን ሳይነካ ውስጡን ስለሚጨርስ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ በግድግዳው ላይ የሚወጡ ቀጫጭን የአፈር ዋሻዎችንም ይፈልጉ።

*ግንብ ወይም የጭቃ ግድግዳ ከሆነ።* ቱንቢውን ከላይ አውርደው ግድግዳው መጋደሉን ወይም በመካከሉ ማበጡን ይለኩ። በሁለት ግድግዳዎች መገናኛ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ ካለ ግድግዳዎቹ ተለያይተዋል፤ ይህ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቅ ቦታ ነው።

ደረጃ 5፦ ጣሪያና እርጥበት

ከቤቱ ራቅ ብለው የጣሪያውን አናት መስመር ይመልከቱ፤ መካከሉ ወደ ታች ከጎበጠ ወራጆቹ (ክዳኑን የሚሸከሙት እንጨቶች) ደክመዋል። ከዚያ በቀትር ኮርኒሱ ውስጥ ገብተው የእጅ ባትሪዎን ያጥፉና ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቁ፤ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ሁሉ ራሱን ያሳያል። ባትሪውን መልሰው አብርተው ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በታች ያለውን እንጨትና የግድግዳ አናት ይውጉ። ክዳን መቀየር ቀላል ነው፤ የሚያሳስበው ለዓመታት የገባው ውሃ ከሥሩ ያበሰበሰው ነው።

ይህን ደረጃ መዝለል ምን እንደሚያስከትል ከራሴ ጥፋት አውቃለሁ። ቀለሙ ንጹሕ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቤት አይቼ፣ የኮርኒሱ መግቢያ በምስማር የተመታ ስለነበር ሳላስከፍተው «ይታደሳል» አልኩ። ሠራተኞቹ ኮርኒሱን ሲያወርዱ ወራጆቹ በምስጥ ተበልተው ቅርፊታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ የወለል ሴራሚኩን አስቀድሞ ገዝቶ ጨርሷል።

እርጥበት ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ፕላስቲኩን በእርጥቡ ግድግዳ ወይም ወለል ላይ አራቱንም ጠርዝ አጥብቀው ይለጥፉና ለ48 ሰዓት ይተዉት። ውሃው ከፕላስቲኩ ሥር ከተገኘ ከውስጥ ወይም ከመሬት የሚመጣ ነው፤ ከላዩ ከተገኘ የክፍሉ አየር ጤዛ ስለሆነ መስኮት በመክፈትና አየር በማናፈስ ይስተካከላል። ከመሬት የሚወጣ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ድረስ ነጭ የጨው መስመር ትቶ ይቆማል። ይህን በሲሚንቶ ልስን መሸፈን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ላይ እንዲወጣ ያደርገዋል እንጂ አያቆመውም።

ደረጃ 6፦ ቧንቧና ኤሌክትሪክ

እዚህ አይቆዩ። የውሃ መስመርና የኤሌክትሪክ ገመድ በማንኛውም ቤት ውስጥ ሊቀየሩ ስለሚችሉ ለማፍረስ ምክንያት አይሆኑም፤ ወጪያቸው ግን በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪው ለአንድ ሰዓት መቆም አለመቆሙን ይዩ፤ ካልቆመ የሚያፈስ መስመር አለ። የመሬት መስመር (ኤርዝ) የሌለው ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ገመድ ካለ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀየር ይያዙ።

ደረጃ 7፦ መሐንዲስ ይጥሩ፤ ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ያስመልሱ

በደረጃ 2፣ 3 ወይም 4 ላይ አንድም የሚያጠራጥር ነገር ካገኙ፣ ወይም ፎቅ ለመጨመር ካሰቡ፣ የስትራክቸር (የተሸካሚ አካል) መሐንዲስ ግድ ነው። ቤቱን አድሶ ወይም ሠርቶ የሚከፈለው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ምክሩ ከሚያገኘው ሥራ ጋር መያያዝ የለበትም። የሚጠይቁት ይህ ነው፦ የጉዳቱ መንስኤ ምንድን ነው? መንስኤው ከተወገደ ቤቱ ሳይፈርስ ሊጠገን ይችላል? ከተጠገነ በኋላ ተሸካሚው አካል ስንት ዓመት ያገለግላል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ደረጃ 10 ላይ ግን ሒሳቡ የሚቆመው በእርሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ሕጉን ይጠይቁ

ለሚመለከተው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይሂዱና በቦታው ላይ ምን ያህል ስፋትና ከፍታ መሥራት እንደሚፈቀድ፣ ከወሰን ምን ያህል መራቅ እንደሚያስፈልግ፣ ቤቱም በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። አሮጌ ቤት የዛሬው ደንብ ከሚፈቅደው በላይ ወደ ወሰን የተጠጋ ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ እያለ የሚታለፈው ይህ ስፋት ቤቱ ከፈረሰ በኋላ አይመለስም። በዚህም ምክንያት አዲሱ ቤት ከአሮጌው ያነሰ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ከጎረቤት ጋር የጋራ ግድግዳ ካለ ወይም አዲሱ መሠረት ከጎረቤት መሠረት በታች የሚወርድ ከሆነ፣ የእርሱን ቤት የመደገፍ ወጪም የእርስዎ ነው።

ደረጃ 9፦ ፍላጎትዎን በአሮጌው ንድፍ ላይ ያስቀምጡ

በደረጃ 1 የሳሉት ወረቀት ላይ ስስ ወረቀት ደርበው የሚፈልጉትን ቤት ይሳሉ፤ ከዚያም ጭነት ከሚሸከሙት ግድግዳዎች ስንቱ መነሳት እንዳለበት ይቁጠሩ። አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ በቦታቸው ቢም ማስገባት ይቻላል። ግማሹ የሚነሳ ከሆነ እድሳት የሚለው ስም ብቻ ቀርቷል። እድሳት ሊለውጣቸው የማይችላቸው ነገሮችም አሉ፦ የጣሪያው ከፍታ፣ ቤቱ በግቢው ውስጥ የተቀመጠበት ቦታና ፎቅ ለመሸከም ያልተሠራ መሠረት።

ደረጃ 10፦ ሁለቱን ወጪዎች በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ

ሁለቱም ዋጋዎች በተመሳሳይ ስፋትና በተመሳሳይ የማጠናቀቂያ ጥራት መሰላት አለባቸው። ለእድሳቱ እያንዳንዱ ሥራ ከነመጠኑ የተዘረዘረበት ዋጋ ያስወጡ፤ «በጥቅሉ ይህን ያህል» የሚል አይቀበሉ። በአሮጌ ቤት ውስጥ ግድግዳ ሳይከፈት የማይታይ ነገር ስለሚበዛ ለእድሳት ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ለአዲስ ግንባታ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዙ።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። የአዲሱ ቤት የግንባታ ዋጋ 100 ይሁን። ማፍረስና ፍርስራሽ ማስወጣት 6፣ ንድፍና ፈቃድ 6፣ በግንባታው ጊዜ የሚከፈል የቤት ኪራይ 8፣ መጠባበቂያ 10 ሲጨመሩ 130 ይሆናል። እድሳቱ 52 ነው እንበል፤ የ25 በመቶ መጠባበቂያ 13፣ መሐንዲስና ፈቃድ 3፣ ኪራይ 4 ሲጨመሩ 72 ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ እድሳቱ ግልጽ አሸናፊ ይመስላል። አሁን ለአገልግሎት ዘመኑ ያካፍሉ። አዲሱ ቤት 60 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 2.17 ይወጣበታል። የታደሰው 25 ዓመት ብቻ ካገለገለ በዓመት 2.88 ይሆናል፤ 40 ዓመት ካገለገለ ግን 1.8 ብቻ ነው። በዚህ ምሳሌ እድሳት የሚያዋጣው መሐንዲሱ ከ33 ዓመት በላይ ከሰጠው ነው። በብድር የሚሠሩ ከሆነ ወለዱን በሁለቱም ወገን ይደምሩ፤ በአዲሱ በኩል የሚበደሩት ስለሚበዛ ልዩነቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ደረጃ 11፦ ይወስኑ

መሠረቱና ተሸካሚው አካል ጤነኛ ሆኖ፣ የሚነሱት ግድግዳዎች ጥቂት ከሆኑና የዓመቱ ወጪ ካነሰ ያድሱ። መሠረቱ መንስኤው ሊወገድ በማይችል ምክንያት የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም ዝገቱና ብስባሹ ቤቱን ሁሉ ያዳረሰ ከሆነ፣ የእድሳቱ ዋጋ የቱንም ያህል ቢያንስ አያድሱ። ሁለቱ ዋጋዎች ተቀራርበው ሲገኙ እኔ የማየው ደረጃ 8ን ነው፤ ማፍረስ የሚያሳጣው መብት ካለ እድሳቱ፣ ማፍረስ ተጨማሪ ፎቅ የሚያስፈቅድ ከሆነ አዲሱ ይመረጣል። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ ዋናው ቤት ጤነኛ ሆኖ በኋላ የተቀጠለው ክፍል ብቻ የተጎዳ ከሆነ ቅጥሉን አፍርሶ ዋናውን ማደስ። ይህን ከመረጡ አዲሱንና አሮጌውን ግንብ አጣብቀው አይሥሩ፤ ሁለቱ እኩል ስለማይወርዱ በመካከላቸው ክፍተት ይተው፣ አለበለዚያ መገናኛው መሰንጠቁ አይቀርም።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

1. ስንጥቁን ሞልቶ ቀለም መቀባትና ከዚያ መሐንዲስ መጥራት። የሚነበበው ምልክት ጠፍቷል፤ እንዳለ ይተዉት።
2. ውሳኔው ሳይደረስ የማጠናቀቂያ ዕቃ መግዛት። የተገዛው ሴራሚክ ውሳኔውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል።
3. ከአንድ ተቋራጭ ብቻ ዋጋ መውሰድ፣ ወይም ለእያንዳንዱ ተቋራጭ የተለያየ የሥራ ዝርዝር መስጠት። ዋጋዎቹ ሊነጻጸሩ አይችሉም።
4. ከፍርስራሹ የሚገኘውን በርና እንጨት ዋጋ አጋንኖ መገመት። ሳይሰበር ለማውረድ የሚከፈለው ጉልበት ከሽያጩ ላይ ይቀነሳል።
5. ባዶ የሚቆየውን ቤት ኢንሹራንስ አለማጣራት። አንዳንድ ውል ሰው የማይኖርበትን ወይም ግንባታ ላይ ያለን ቤት አይሸፍንም።
6. ፈቃዱ በእጅ ሳይገባ ክዳን ማንሳት። ፈቃዱ ከዘገየ አንድ የዝናብ ወቅት ብቻ ለእድሳት የታሰበውን ግድግዳ ለመፍረስ ያበቃዋል።